ዘይቡ በጠራራ ሰማይ ያየችው ዝናብ

ዘይቡ መንገድ ስትሄድ ለሚያያት ሰው አንዳች ነገር የጠፋባት ትመስላለች። አንገቷ አይረጋም። ጥቂት ትራመድና ሻሿን የምታስተካክል መስላ ዘወር ትላለች። ሱቅ ስትገባ ከዕቃው በፊት የጓሮውን በር ታያለች። ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለበሩ ትሰጣለች። ሰፈርተኛው «የዘይቡ ማጅራት ዓይን አለው» ይል ነበር። እሷም ትስቅ ነበር፤ ግን በሩን እያየች።

ይህን ዓይን ያወጣችው በተወለደችበት መንደር፣ ሸቤ ሳለች ነው። ታላቅ እህቷ ለጢፋ ገና ለጋ ኮረዳ ሳለች ውኃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ወረደች። እንስራዋን ልትሞላ ጎንበስ ስትል ከቡናው ጫካ ወንዶች ወጡና ከኋላዋ አፈፍ አድርገው ወሰዷት። ለሚስትነት ነው ተባለ። ሽማግሌ ተላከ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ በሬ ታረደ፣ ነገሩ በምርቃት አለቀ። ለጢፋ አልቅሳ እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። ባዶውን እንስራ ከምንጩ ዳር አንስታ ቤት ያደረሰችው ትንሿ ዘይቡ ናት። እንስራው አልተሰበረም። ይህ ነገር ካደገችም በኋላ ይገርማት ነበር፤ ሰው እንዲያ ተነጥቆ ሲሄድ እንስራ እንኳ አይሰበርም? እናታቸው በዚያ ሰሞን ቡና ስትለቅም አንዲት ስንኝ ብቻ ታንጎራጉር ነበር፤

ውኃ ልቅዳ ብላ ጎንበስ ያለች ልጄ፣
ቀና ሳትል ቀረች ተነጥቃ ከእጄ።

ከዚያ ወዲህ ዘይቡ ለመንገድ ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ ብላ አታውቅም።

አግብታ ጅማ መጣች። ባሏ ጠሃ የቡና መኪና ረዳት ነበር፤ አንድ ክረምት መኪናው የጊቤን ቁልቁለት ሲወርድ ተገለበጠና እዚያው ቀረ። ለዘይቡ የተረፋት አዌቱ ወንዝ ዳር ያለች ቆርቆሮ ቤት፣ ከጓሮዋ ጥቂት የቡና ዛፎች፣ አብዱልፈታሕ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ነው። ሰፈሩ ፈታሕ ይለዋል።

እሷ የቡና መጋዘን ገባች፤ ለቃሚ ሆነች። ሴቶቹ በረድፍ መሬት ላይ ይቀመጡና ከፊታቸው የተዘረገፈውን ፍሬ እየበተኑ ጥቁሩን፣ የተሰነጠቀውን፣ ነቀዝ የበላውን ያወጣሉ። ሥራው ጀርባ ይሰብራል፣ አቧራው ደረት ያፍናል፤ ስለዚህ ይዘፍናሉ። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤

ክፉውን ልቀሚ ደጉን ተይ ለጌታው፣
የእኛስ ቀን መቼ ነው ቋጠሮው ሚፈታው።

አውራጅዋ ዘይቡ ነበረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን ሩቅ ይሄዳል፤ በጉም ውስጥ እንደሚሰማ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሳይሆን እንደ ወፍ፣ የት እንዳለች ሳትታይ የምትሰማ። ልጃገረዶቹ ከሥራ ወጥተው ቤት እስኪገቡ ያለውን መንገድ ይፈሩ ስለነበር፣ በእረፍት ሰዓት ከበው አስተምሪን ይሏታል። ታስተምራቸዋለች።

«ሻሽሽን አገጭሽ ሥር አትቋጥሪው፤ እንዲሁ ጣል አድርጊው። የያዘሽ ሰው ሻሹን ይዞ ይቅር። እጅሽን የያዘሽ እንደሆነ ደግሞ ወደ ኋላ አትጎትቺ፣ ጉተታ ለጉልበተኛ ነው። አውራ ጣቱ ወዳለበት ጠምዘዝ አድርገሽ ምዘዢው። የሰው ጭብጥ በሩ እዚያ ጋ ነው። የቡና ገለባ አቧራ በእፍኝሽ ከያዝሽማ ዓይኑ ላይ ነው።»

«ዘይቡ፣ የወደድነው ልጅ ቢይዘንስ?»

«ያን ለታማ ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪያ፣ ምን ልበልሽ!»

መጋዘኑ በሳቅ ይሞላል። ለሴቶቹ እንዲህ ያለው ነገር ጨዋታም ትምህርትም ነበር። ዘይቡ ግን ስትናገር የሚታያት ለጢፋ ናት።

ከዚያ የሰማንያ አንዱ ዓመት መጣ። የሰሜኑ ጦርነት ወንድ እየበላ አልጠግብ አለ። መጀመሪያ በስም እየጠሩ ወሰዱ፤ ኋላ ስም ቀርቶ ቁመት ይታይ ጀመር። ሂርማታ ገበያ መሐል፣ ከሲኒማ ደጅ፣ ከኳስ ሜዳ ወጣቱን እንደ እህል በጆንያ ማፈስ ሆነና፣ ሰዉም ስሙን «አፈሳ» አለው። ከታፈሱት መሐል እናቱ ስንቅ ይዛ የደረሰችለት ጥቂት ነው። ፈታሕ በዚያ ዓመት ጢም ማብቀል ጀመረ። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትላለች። ዘይቡ ጠዋት ጠዋት የልጇን አገጭ እያየች ምግብ እምቢ አላት።

ዓይኗ ሁሉ ለእርሱ ሆነ። የሰፈሩን መንገድ እንደ ቡና በተነችው፤ ጥቁሩን ከደህናው ለየችው። ሊስትሮዎች ያለ ጊዜያቸው ሳጥን ከዘጉ ደግ አይደለም። ባለሱቁ አንዱን መዝጊያ ብቻ ከፍቶ ከቆመ ደግ አይደለም። መኪና በትልቅ ሸራ ተሸፍኖ ጥላ ሥር ከቆመ፣ ሾፌሩም ሻይ ካልጠጣ፣ ደግ አይደለም። ፊት ይዋሻል፤ እግር ግን አይዋሽም ትል ነበር፤ የሚሄድ ሰውና የሚጠብቅ ሰው እግራቸው አንድ አይደለም። ከሁሉ የበለጠው ምልክት ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ነበር። እሱ መንገድ ላይ ኳስ እያንከባለለ ከታየ ቀኑ ሰላም ነው። እሱ ከመንገድ የጠፋ እንደሆነ ግን አባቱ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ያየች ለታ ትዘፍናለች። ወቅቱ ቡና የሚሰጣበት ነው፤ በየግቢው ሰሌን ላይ ቀይ ፍሬ ተዘርግቷል። ዘይቡ ከግቢዋ ቆማ ያችን ቀጭን ድምፅ ትለቃታለች፤

ዝናቡ መጣልሽ ስጡን አስገቢና፣
ካለፈ በኋላ ይሰጣል እንደገና።

ጎረቤቷ ባህሪያ ከአጥር ወዲያ ትቀበላታለች፤ ከባህሪያ ቀጥሎ ያለችው ትቀበላለች፤ ዜማው ከአጥር አጥር እየዘለለ ለአፈሳ ከሚመጡት የቀበሌ ጠባቂዎች ቀድሞ ሰፈሩን ይዞራል። ወጣቶቹ ገሚሱ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ ገሚሱ ወደ አዌቱ ይወርዳል፣ ገሚሱ በቡናው ሥር ለሥር ወደ ኪቶ ፉርዲሳ ይሄዳል። ጠባቂዎቹ ሲደርሱ የሚያገኙት ሰሌን የሚጠቀልሉ ሴቶች ነው።

አብተው የሚባል ጠባቂ ነበር፤ ከወሎ በሠፈራ የመጣ፣ ጠመንጃው ከትከሻው የሚረዝምበት ሰው። አንድ ቀን ሽቅብ እያየ፣

«እናንተ ሴቶች፣ ሰማዩ እኮ መስታወት ነው፤ የምን ዝናብ ነው?» አለ።

«ማሎ፣ እባክህ አብተው፣ የጅማ ሰማይ ይታመናል?» አለችው ባህሪያ።

«ዘይቡማ ከሰማዩም ትቀድማለች» አለና ጢሙን ደባብሶ አለፈ። ያውቅ እንደሆነ አልተናገረም።

ያም ሆኖ ዘይቡ ፈታሕን ከቤት አታስወጣውም ነበር። ከመኝታዋ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በርጩማ ይሠራል። ሙያውን ያስተማሩት አባቦራ ናቸው፤ በዚያ ሰፈር ዋንዛ ግንድ እያዩ ውስጡ ያለውን በርጩማ የሚያውቁ ሽማግሌ። ጠሃ ሲሞት ልጁን በእጁ ይዘው ቁርኣን ያስቀሩት፣ ኋላም መሮ ያስጨበጡት እሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ ግንዱን በሌላ ሰው እያስላኩ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ወስደው ሂርማታ ያሸጡለታል። አልፎ አልፎ ራሳቸው ይመጡና ከበሩ ውጭ ይቀመጣሉ።

«ፈታሕ፣ እግሩን አወፈርከው።»

«ከድምፁ አወቁ እንዴ አባቦራ?»

«መሮው ሲያዝን ይሰማኛል፤ አንተ ታዝናለህ፣ እሱም ያዝናል። በርጩማ ሦስት እግር አለው፤ አንዱ ካዘነ ሰው ይወድቃል።»

ፈታሕ ከውስጥ ይስቃል። ለዚያ ልጅ ፀሐዩ፣ መንገዱ፣ ዓለሙ እኚህ ከበር ውጭ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት አባቦራ ለሱብሒ ሶላት ተነስተው፣ ውዱእ አድርገው፣ ስግደት ላይ ሳሉ ቀና አላሉም። ሰፈሩ «ያማረ ሞት» አለ። ታጥበው፣ ተከፍነው፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ሊቀበሩ ሆነ።

ፈታሕ መሮውን አስቀመጠ። ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ከእናቱ ፊት ቆመ።

«እማ፣ እወጣለሁ።»

«የት?»

«አባቦራን ልሸከም።»

«ቤት ሆነህ ዱዓ አድርግላቸው። አላህን ግድግዳ አይከለክለውም።»

«አላህን አይደለም እኔ ያፈርኩት፤ እሳቸውን ነው። ሰው ሁሉ ተሸክሟቸው እኔ ብቻ ከጓዳ መሮ ይዤ ልቅር? አንቺ ራስሽ አይደለሽ ያልሽኝ፣ ጀናዛ ሲያልፍ የተቀመጠ ወንድ ወንድ አይደለም?»

ብላለች። ሁሉም የጅማ እናት ትላለች። በዚያ አገር ጀናዛ በመንገድ ሲያልፍ ቸኩሎ የሚሄደው ይቆማል፣ ባለበቅሎው ይወርዳል፤ ወንድ የሆነ ሁሉ የማያውቀውም ሰው ቢሆን ቃሬዛው ሥር ትከሻውን ለጥቂት እርምጃ ያገባል። ቃሬዛው ከትከሻ ትከሻ እየተላለፈ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ የሚሸከመው ማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። በዚያ በክፉው በቀይ ሽብር ዘመን፣ ሰው እንደ ውሻ መንገድ ላይ ሲጣል እንኳ፣ ጀናዛ ሲያልፍ ጠባቂው ቆቡን አውልቆ ይቆም ነበር። ዘይቡ ይህን በዓይኗ አይታለች። የቃሬዛ ሥር ከመስጊድ አይተናነስም። ሁሉን መንገድ፣ ሁሉን በር፣ ሁሉን እግር የጠረጠረች ሴት ይህን አንድ ነገር ሳትጠረጥር ቀረች። ማንስ ይጠረጥረዋል?

«ቆይ» አለችው። ወጣች። መንገዱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሊስትሮዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ባለሱቁ ሁለቱንም መዝጊያ ከፍቷል። ከአባቦራ ደጅ ደግሞ የሊቀመንበሩ ልጅ ነጭ ኮፍያ አድርጎ፣ ከለቀስተኛው ፊት ቆሞ አየችው።

ተመልሳ የልጇን ኮፍያ አስተካከለች።

«እስከ ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ብቻ። ትከሻህን ታስገባለህ፣ ለሌላው ትሰጣለህ፣ በባህሪያ አጥር ገብተህ ትመጣለህ። ቀብር አትሄድም። ሰማኸኝ ፈታሕ?»

«ሰምቻለሁ እማ።»

«እስከ መታጠፊያው።»

«እስከ መታጠፊያው፣ ወላሂ።»

ከወራት መደበቅ በኋላ ፈታሕ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ዓይኑን ጨፈነ። ነጭ ሆኗል፤ ከድንጋይ ሥር እንደበቀለ ሣር። ቁመቱ እንዲያ መርዘሙን ዘይቡ ያን ጊዜ ነው ያየችው፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ነበርና። ያ ሰዓት ለእርሷ የደስታ ሰዓት ነበር ብል ማን ያምነኛል? ልጇ በቀን፣ በመንገድ፣ በሰው መሐል ሲሄድ አየች። እናት ከዚህ ሌላ ምን ትመኛለች?

ወንዶቹ ላ ኢላሃ ኢለላህ እያሉ ቃሬዛውን አነሡ። ሴቶቹ እንደ ወጉ ከግቢው በር ቀሩ፤ ሴት ቀብር አትወርድም። ዘይቡ ከባህሪያ ጎን፣ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ቆማ በዓይኗ ትከተላቸዋለች። የባህሪያ ልጅ ጀማለዲን ከፊት በቀኝ በኩል ይዟል። ፈታሕ በሰዉ መሐል እየተሹለከለከ ደረሰና ከኋላ በግራ በኩል ትከሻውን አስገባ። ወፍጮ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ትንሽ ነው የቀረው።

ያኔ የሊቀመንበሩ ልጅ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ።

ለቀስተኛው በጎኑ አለፈ። ልጁ ቀና አለ፣ ግራና ቀኝ አየ፣ ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ በቀጭኑ መንገድ ገብቶ ጠፋ።

ዘይቡ ዓይኗን ከልጁ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረወረች። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጥግ በሸራ የተሸፈነ መኪና አፍንጫው ብቅ ብሏል። ከአጥሩ ሥር እግሮች ይታያሉ። የሚጠብቁ እግሮች።

«ሩጡ» ብላ ብትጮህ ጩኸቱን ጠባቂዎቹም ይሰማሉ፤ ጥይት ይከተላል። የልጇን ስም ብትጠራ ልጇን አመለከተች ማለት ነው። የቀራት ያችው አንዲት ነገር ናት። በጀናዛ ላይ ግን አይዘፈንም። ሟች ከቤቱ ወጥቶ መሬት እስኪገባ ድረስ ሕፃን እንኳ ድምፁን ከፍ ካደረገ አፉ ይያዛል። ዘይቡ ይህን ታውቃለች። እጇ አንዴ አፏ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ።

ዘፈነች።

ዝናቡ መጣልሽ ስጡን አስገቢና፣

«ዘይቡ! አበድሽ እንዴ? ጀናዛ እኮ ነው!» ባህሪያ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። ሌላዋ ሴት «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ጆሮዋን ደፈነች። ዘይቡ አላቋረጠችም፤ ፊቷን ብቻ ወደ ባህሪያ አዞረች። ባህሪያ ያን ፊት አየች። እጇ ላላ። ከዚያ አፏን ከፍታ ሁለተኛውን ስንኝ እሷ ተቀበለች፤

ካለፈ በኋላ ይሰጣል እንደገና።

ሁለት ሴቶች በሙት ላይ ዘፈኑ። የወንዶቹ ዚክር ለአፍታ ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ በቁጣ ዞሩ። ወጣቶቹ ግን ያን ዜማ ከእናቶቻቸው ጡት ጋር የጠቡት ያህል ያውቁታል። ጀማለዲን ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አወጣ፣ አጥር ዘለለ፣ ጠፋ። ከጎኑ ያለው ተከተለው። ከኋላ ያለውም፣ መሐል ያለውም። ለማስረከብ ጊዜ አልነበረም። ትከሻዎቹ አንድ በአንድ ለቀቁ፣ ቃሬዛው ወደ ፊት ዘመመ፣ የተከፈኑት ሽማግሌ እግራቸው ወደ መሬት ወረደ።

ፈታሕ ዞሮ እናቱን አየ።

ሰምቷል። ከሁሉ ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ዓይን ለዓይን ተገናኙ፤ በዚያች ቅጽበት ዘይቡ በከንፈሯ ብቻ «ልቀቀው» አለችው። ኋላ ለባህሪያ ስትነግራት፣ «አባቦራ አፈር ላይ ይውደቁ ብዬ ለመንኩ፤ ወላሂ ለመንኩ፤ እኚያ ደግ ሰው ይውደቁልኝ፣ ልጄ ይሩጥልኝ አልኩ» ብላለች።

ፈታሕ አለቀቀም። የኋላውን ለሽማግሌዎቹ ትቶ ወደ ፊት ሮጠና ያ የዘመመው እንጨት ሥር ገብቶ በሙሉ ትከሻው አነሣው። የቀሩት ሽማግሌዎችና አንድ ሁለት ጎልማሶች ናቸው፤ ጉልበታቸው የፈታሕን ጉልበት ይጠብቃል። እሱ ቢለቅ ይወድቃሉ። ቃሬዛው ቀና አለ። ዚክሩ ቀጠለ። መታጠፊያውን አለፉ፣ ከዘይቡ ዓይን ተሰወሩ።

የሆነውን የነገራት አብተው ነው። በማግስቱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ጠመንጃውን መሬት አስደግፎ፣ ፊቷን ሳያይ ነገራት።

«ጀናዛውን መንገድ ላይ መንካት አልሆነልንም፤ አለቃው ቀብር ላይ ያዙ አለ። ተከትለን ሄድን። ልጅሽ አየን። ‹አባቴን አፈር እስካለብሳቸው ታገሱኝ› አለ። አካፋውን ከሽማግሌዎቹ እጅ ተቀብሎ እሱ ሞላው። ከጨረሰ በኋላ እጁን አራገፈና መጣ።»

«ማን ያዘው?»

አብተው ጠመንጃውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ማን ያዘው አብተው?»

«እኔ ነኝ። እጁን ነው የያዝኩት። ጭብጤን አላልቼ ነው የያዝኩት ዘይቡ፤ ቢጠመዝዘው ይወጣ ነበር። አንቺ ለሴቶቹ የምታሳዪውን እኔም አይቻለሁ። ‹ወጥተህ ሂድ› ማለቴ ነበር፤ ገብቶታል። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ጠመንጃዎቹን አየ፣ በመሐል የተቀመጠውን ትኩስ አፈር አየ። ‹እዚህ አይተኮስም› አለኝ። ተራምዶ ራሱ መኪናው ላይ ወጣ።»

ዘይቡ አጥሩን ይዛ ቀረች። አብተው ጠመንጃውን አንስቶ ሄደ።

የአባቦራ ልጅ ሐጂራ ለቅሶው ሳያልቅ መጣች። ከበሩ አልገባችም።

«አባቴን በዘፈን ሸኘሽው» አለች። «ሌላ ቀን አልነበረሽም?»

ሐጂራ በበሩ አሻግራ ከጓዳው ግማሽ የተፈለፈለ በርጩማ አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች። ይቅር አላለቻትም፤ ይቅር ባትላትም ግን በየዓመቱ የአባቷን ሰደቃ ስታወጣ አንድ ሳህን ለዘይቡ ትልካለች። ሳህኑ እንዳለ ይመለሳል።

ከዚያ ወዲህ ያለው የዘይቡ ኑሮ የሚተረክ አይደለም። ብላቴ ጦር ማሠልጠኛ ወሰዱት አሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን አሉ። ከዚያ የሚል ጠፋ። ደርግ በወደቀበት ግንቦት የተበተነው ወታደር ጨርቁ ተቀዶ፣ እግሩ አብጦ፣ በየመንገዱ ውኃ እየለመነ መጣ። ዘይቡ መናኸሪያው ዳር ቆመች። ፊታቸውን አላየችም፤ ፊት ይለወጣል፣ ይከሳል፣ ይጠቁራል። እግራቸውን አየች። ፈታሕ ሲራመድ ግራ እግሩን ትንሽ ወደ ውስጥ ይጥላል። ስንት እግር አለፈ! እናት የሚጠብቀው እግር፣ እናት የሌለው እግር፣ በዱላ የተተካ እግር። ያ እግር ግን አልመጣም። በሕይወት አለ የሚል አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ድንኳን አይጣልም፣ ሰው አያስተዛዝንም፣ ሰደቃ አይወጣም። ዘይቡ ልጇን ሳታለቅሰው ቀረች።

በመጋዘኑ ያወርዱት የነበረው ዘፈን ተቀየረ። እሷ ባልሰማችበት ሰዓት ለቃሚዎቹ እንዲህ ይሉ ጀመር፤

ሽማግሌ ቀብሮ ትከሻው ሳይደክም፣
እሱን በየት አገር ማን ይሆን ሚሸከም።

እሷ በገባች ጊዜ ዝም ይላሉ። ፍሬው ብቻ ይንኳኳል።

የባህሪያ ልጅ ጀማለዲን ያን ቀን አጥር ዘሎ እንደጠፋ ሸቤ ገብቶ ተደብቆ ቆየ፤ ዘመኑ ሲለወጥ ተመለሰ፣ አገባ። የመጀመሪያ ልጁን አብዱልፈታሕ አለው። ሊያከብራት ነው፤ የልጁንም ስም ሊነግራት ሲመጣ አልቅሷል። ዘይቡ መረቀችለት። ከዚያ በኋላ ግን ማታ ማታ ባህሪያ ከአጥር ወዲያ «ፈታሕ! ና ግባ፣ መሽቷል!» ትላለች፤ ዘይቡም ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። በየማታው። ባህሪያ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። አንድ ምሽት በአጥሩ ቀዳዳ አይታት አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጇን ወጥታ በእጁ እየያዘች ታስገባዋለች እንጂ አትጣራም።

አሁን ዘይቡ ዘወር አትልም። መንገድ ስትሄድ አንገቷ ቀጥ ብሏል፤ መኪና ከኋላዋ ጥሩምባ ቢነፋ አትሰማም። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቀመጣለች። ልጃገረዶች «ማዘር ዘይቡ፣ ከኋላሽ ሰው አለ» ሲሏት፣ «ይኑር» ትላለች። የሚጠበቅ ነገር ያለው ነው የሚጠብቅ።

ቡና ግን በየዓመቱ ትሰጣለች። ጥቂቶቹ ዛፎች አሁንም ያፈራሉ። ሰሌኗን ዘርግታ፣ ፍሬውን በእጇ ደልድላ፣ ፈታሕ ሳይጨርሰው በቀረው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ አንዱ እግር ወፍራም ነው፣ ያዘነ እግር፤ ወደዚያው ጋደል ብላ ትቀመጣለች። ደመናው ከአዌቱ ማዶ ይነሳል፤ ነፋሱ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ጠብታ ሰሌኑ ላይ ይወድቃል። እሷ አትነሳም። ከአባቦራ ቀብር ወዲህ በዚያ ሰፈር «ዝናብ መጣ» የሚል ሰው የለም፤ እሷ በምትሰማበት ይህን ቃል ያወጣ የለም። ባህሪያና ጎረቤቶቹ ከየቤታቸው ይወጣሉ፣ ባዶ እግራቸውን፣ ኮቴ ሳያሰሙ። በአራቱም ማዕዘን ሰሌኑን ያነሳሉ፤ ፍሬው እንዳይፈስ ቀጥ አድርገው፣ በትከሻቸው ልክ አድርገው፣ ዝም ብለው ተሸክመው ያስገቡላታል። ዘይቡ ሲያልፉባት ታያለች። ከዚያ ዝናቡ ይወርዳል፤ እሷም ከዝናቡ በታች ትቀራለች።